ገብሴ ላይ የወደቀው ኬኦስ

የማያውቁት ቃል እንደማያውቁት ውሻ ነው። ዝም ብሎ ሊያሳልፋችሁ ይችላል፤ ጅራቱን ሊቆላላችሁ ይችላል፤ ባታችሁንም ይዞ ሊያስቀራችሁ ይችላል። ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚታወቀው ደግሞ አጠገቡ ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ይህን ሳያስብ አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ ሲናገር ይውላል። እኔ እንዲህ ያለ ድፍረት የለኝም፤ ድሮም አልነበረኝም።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይታይሽ ይህንኑ ጠባዬን በሌላ ስም ትጠራዋለች፤ እሱን እዚህ አላነሣውም። የበረቱን በር ሁለት ጊዜ ዘግቼ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሼ አየዋለሁ። ወንዝ ስሻገር ሌላ ሰው እስኪቀድመኝ እጠብቃለሁ፤ አንድ ቀን እንደኔው ጥንቁቅ ከሆነ ሰው ጋር ተገናኝተን፣ እኔ እሱን፣ እሱ እኔን ስንጠብቅ ግማሽ ቀን አልቆብናል። በበጋም ቢሆን ጃንጥላዬን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። «ለዚህ ዕድሜ የበቃሁት ስጠነቀቅ ነው፤ እነዚያ ደፋሮቹ እኩዮቼ ዛሬ የት አሉ?» ብዬ ስጠይቃት፣ ይታይሽ «እነሱማ ኖረው ነው የሞቱት» ትለኛለች።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከእንግሊዝኛ በደንብ የያዝሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ተነሥ የሚለው፣ ሁለተኛው ተቀመጥ የሚለው። አንድ ቀን መምህሩ በእንግሊዝኛ ተነሥ አሉኝና ተነሣሁ። በዚያው ሰዓት አባቴ ለእርሻ ፈልገውኝ በር ላይ ቆመው ነበርና ይዘውኝ ወጡ። እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ ተቀመጥ ያለኝ ሰው የለም። እንዲህ በቆመ እንግሊዝኛ ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት ያ ቃል ያገኘኝ።

ነገሩን ለመረዳት የእኛን አገር አውድማ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። የምኖረው ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ ለወጣት ሦስት ሰዓት፣ ለእኔ አራት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። እዚያ እኛ ዘንድ አውድማ እንደ ሌላው ቦታ አይደለም። በጫማ አይገባም። አይፏጭም። «ስንት ይወጣው ይሆን?» ተብሎ አይጠየቅም። በሬው በሬ አይባልም፤ ገለባ ማንሻው መንሽም መንሽ፣ እህል ማዝሪያው ላይዳም ላይዳ አይባልም። ሁሉም ለአውድማ ብቻ የተሰጠው ሌላ ስም አለው። ምን ተብለው እንደሚጠሩ እዚህ አልጽፍም። የአውድማ ነገር የሚቀረው እዚያው አውድማ ላይ ነው፤ ደግሞስ ይህን ወረቀት ማን እንደሚያነበው በምን አውቃለሁ?

ምክንያቱ ምንድን ነው ብትሉ፣ በረከት ዓይን አፋር ናት። እንደ አዲስ ሙሽራ ናት። ትኩር ብለው ሲያይዋት፣ ሲቆጥሯት፣ ስሟን ሲጠሯት ብድግ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ ሰው አውድማ ላይ አፉን ይጠብቃል። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ለዚህ ነገር ሕግ ነበራቸው። ያልተገባ ቃል አውድማ ላይ ከወደቀ መፍትሔው እንደ ቃሉ ዓይነት ነው ይሉ ነበር። እርግማን ከሆነ ጠበል ይረጫል። ቁጥር ከሆነ ምርቱ ፈርሶ እንደገና ይከመራል። ምርቃት ከሆነ አሜን ይባላል። ሐሰት ከሆነ ግን ነፋስ ነው፤ ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ይህን ሁሉ አስተምረውኛል። ትርጉሙ የማይታወቅ ቃል ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ግን አልነገሩኝም። በእሳቸው ጊዜ አውድማ ላይ እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር ሰው የት ነበርና?

በእኔ ጊዜ ግን ተገኘች። የልጄ ልጅ ማኅሌት ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ለዕረፍት መጥታ ሳለች ገብሳችንን የምናበራይበት ቀን ሆነ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ስድስት በሬ ገብቷል፤ ጎረቤቴ ደሴና ሦስት ጎልማሶች በወንፈል መጥተው መንሽ ይዘዋል። ነፋሱ እንደ ልባችን ነው። ማኅሌት አያቷ እንዳዘዘቻት ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ይህን ስታደርግ ሳይ ልቤ ሞቀ። ከዚያ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያንን ሁሉ በሬና አቧራ፣ ያንን ሁሉ ገለባና ጩኸት እያነሣች፣ ሳቅ ብላ፣ ጮክ ብላ «ዋው፣ ኬኦስ!» አለች።

የደሴ መንሽ አየር ላይ ቀረ። ጎልማሶቹ እኔን አዩኝ። በሬዎቹም የቆሙ መሰለኝ፤ መቼም በሬ ለመቆም ምክንያት አይፈልግም። ጠጋ ብዬ በለሆሳስ «ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» አልኋት። «ዝም ብሎ ቃል ነው አባባ» አለችኝና መቅረጿን ቀጠለች። አጥብቄ ልጠይቃት ብል ቃሉን እኔም አውድማ ላይ ልደግመው ነው፤ አንዱ ያልታወቀ ነገር ሁለት ሊሆን ነው። ስለዚህ ዝም አልሁ። ቤት ገብታ ልጠይቃት ስል ከጓደኞቿ ጋር ሄደች፤ ጠዋት ልጠይቃት ስል መኪና እንዳያመልጣት ማልዳ መካነ ኢየሱስ ወዳለችው አክስቷ ተነሥታለች። ስልኳን ባስደውልም አገልግሎት ከሚሰጥበት ክልል ውጭ ነው የሚል ድምፅ መለሰልኝ። እኔ ራሴ ያለሁት እዚያው ክልል ውጭ ስለሆነ ድምፁን አልተቀየምሁትም።

ዝም ብሎ ቃል! እስቲ ፈርዳችሁ ንገሩኝ፤ ዝም ብሎ በሬ አለ ወይ? ዝም ብሎ ዝናብ አለ? ያለ ሥራ የተፈጠረ ነገር አላየሁም፤ ቃል ለምን ይህን ዕድል ያገኛል?

ምርቱ ማክሰኞ ማታውኑ ተጣርቶ ተከምሯል። ደንቡ በማግሥቱ ሰፍሮ ማስገባት ነው። እኔ ግን መንሹን ምርቱ አናት ላይ ሰክቼ፣ ዙሪያውን ገለባ አልብሼ፣ የቃሉ ትርጉም ሳይታወቅ አይሰፈርም አልሁ። ይታይሽ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ መቀነቷን አጠበቀች፤ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። «ልጅቱ የኛው ልጅ ናት፤ የኛ ልጅ ክፉ አትናገርም፤ ገብሱ ይግባ» አለች። አውቆ ባይናገርም ሳያውቅ የሚናገር አለ አልኋት። «ሰማዩን አየኸው?» አለችኝ። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ ብላት፣ «ታኅሣሥ መሆኑን ለሰማዩ ማን ነገረው?» አለች።

ይታይሽ እንዲህ የምትሟገተው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚያን ዓመት ባቄላችንን በረዶ አውድሞታል። ያ የገብስ ክምር የዓመት ቀለባችን ነው፤ የመጪው ክረምት ዘርም እዚያው ውስጥ ነው። እኔም እኮ የፈራሁት ለዚሁ ነው! ሌላ ገብስ ቢኖረን ኖሮ በአንድ ቃል እንዲህ እጨነቅ ነበር? እሷ ሰማዩን ፈራች፣ እኔ ቃሉን ፈራሁ። ሁለታችንም የፈራነው ለአንድ ክምር ነው። ልዩነታችን እሷ የፈራችው የሚታይ ነገር መሆኑ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ወደ የኔታ ሄድሁ። የኔታ በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ የማይፈቱት ቃል ያለ አይመስለኝም ነበር። ያገኘኋቸው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ምን ቃል ነው ሲሉኝ ጭንቅ ያዘኝ። እርግማን ቢሆንስ? በቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዴት አፌን እከፍታለሁ? በወረቀት ጽፌ ይዤው ስለነበር አጣጥፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዘረጉትና «ኬኦስ!» አሉ፤ ድምፃቸው ደግሞ የዜማ ድምፅ ነው፣ ቅጽሩን ሞላው። «ኬኦስ፣ ኬኦስ» እያሉ ጣዕሙን እንደሚለይ ሰው ደጋገሙት። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ቃሉ ከእኛ ወገን እንዳልሆነ፣ ከግዕዝ ዘር እንደማያገኙለት ነገሩኝ። «ግን ፈንቴ» አሉኝ፣ «ልጅቱ ስትናገረው ትስቅ ነበር ወይስ ታለቅስ ነበር?» ትስቅ ነበር አልኋቸው። «እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ስፈር።» እጃቸውን ስሜ ተመለስሁ። መንገድ ላይ ግን ሐሳብ ያዘኝ። ሰው እየሳቀ ስንት ክፉ ነገር ይናገራል! ደሴ እየሳቀ አይደለም ወይ በሠርጌ ቀን «ይህች ልጅ ትገዛሃለች» ያለኝ? ይኸው አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ሳቅ ማስረጃ አይሆንም ብዬ ምርቱን ሳልነካ ቀረሁ።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌያችንን ትምህርት ቤት መምህር ጠየቅሁ። እሱ የሚያስተምረው ሳይንስ ነው፤ አላውቅም ማለት ግን የከበደው መሰለኝ። ብዙ አሰበና «እንደ አገባቡ ነው» አለኝ። አገባቡ አውድማ ላይ ነው አልሁት። «አየህ፣ እሱ ነው አስቸጋሪ የሚያደርገው» አለኝ። ይህን መልስ ይዤ ቤት ስገባ ይታይሽ ጎታውን አጽድታ፣ ማዳበሪያዎቹን አራግፋ፣ ደጃፍ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። እጇን ወደ ምዕራብ ዘርግታ ደመና አሳየችኝ፤ ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ የጥጥ ባዘቶ ይመስላል። ነገ አርብ ገበያ ሄጄ የእንግሊዝኛ መምህር ጠይቄ እመለሳለሁ፣ ከዚያ እንሰፍራለን አልኋት። «ሰማዩም እስክትመለስ ይጠብቅህ እንደሆነ እንጃ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

አርብ ማልጄ ተነሣሁ። ጃንጥላዬን ያዝሁ። ገበያው ሞልቷል፤ አህያው፣ ሰዉ፣ እህሉ አንዱ ባንዱ ላይ ነው። አንድ የማውቃቸው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ የእንግሊዝኛ መምህሩን ቤት አሳዩኝ። ገና ልጅ እግር ነው፤ ግቢው ውስጥ ልብሱን አጥቦ ሲያሰጣ ደረስሁ። አራት ሰዓት በእግሬ የመጣሁት አንድ ቃል ፍለጋ መሆኑን ስነግረው እጁን ጠርጎ ወንበር አወጣልኝ። «አባቴ፣ ተማሪዎቼ አንድ በር ተሻግረው አይጠይቁኝም እኮ» አለ። ሻይ አፈላልኝ። ወፍራም መዝገበ ቃላት ይዞ መጣ። ወረቀቴን ሰጠሁት።

አነበበና ፈገግ አለ። «ሥርዓት ማጣት ማለት ነው» አለኝ፣ «መላ ቅጡ የጠፋ ነገር፤ ትርምስ።»

እፎይ አልሁ ወይስ ደነገጥሁ? እስካሁን አላውቀውም። ትርምስ ብቻ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ምስቅልቅልም ይሆናል አለ። ዝብርቅርቅስ? እሱም ይሆናል አለ። ድብልቅልቅስ? ትርምስምስስ? ዝርክርክስ? ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ተገረምሁ። እኛ እኮ ለዚህ ነገር የቃል ችግር የለብንም! ትርምስ የሰው ነው፤ ገበያ ውስጥ በሬ ሲያመልጥ የሚሆነው ነው። ምስቅልቅል የነገር ነው፤ ሦስት ወንድማማች መሬት ሲካፈሉ የሚሆነው ነው። ዝብርቅርቅ የዓይን ነው። ዝርክርክ የሰው ጠባይ ነው፤ ስሙን እዚህ የማልጠራው ጎረቤት አለኝ። ይህን ሁሉ እንግሊዝ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል? መምህሩ እነሱም ሌሎች ቃላት እንዳሏቸው፣ ይህኛው ግን ከሁሉ የከፋው፣ ጫፍ የደረሰው እንደሆነ አስረዳኝ። «ወጣቶቹ ግን አሁን ለትንሹም ለትልቁም ይሉታል» አለኝ፤ መኪና መንገድ ሲዘጋ ይሉታል፣ ክፍላቸው ሳይጠረግ ሲቀር ይሉታል፣ ፀጉራቸው አልበጠር ሲላቸውም ይሉታል።

ልጅቱ ያለችው ግን አውድማ ላይ ነው አልሁት።

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ክብሬ ተነክቷል። የማበራየትን ሥርዓት ዘርዝሬ አስረዳሁት። አዝጋሚው በሬ መሐል እንደሚገባ፣ ፈጣኑ ዳር እንደሚዞር፤ አንዱ ሲያገላብጥ ሌላው እንደሚሰበስብ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታይቶ ገለባው በየት በኩል እንደሚወድቅ። አውድማችን ላይ እኮ በስሙ የሚጠራ ነገር እንኳ የለም፤ ከዚህ በላይ ሥርዓት ከየት ይመጣል? ይህ ነው ወይ መላ ቅጡ የጠፋ? መምህሩ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው አባቴ፣ ልጅቷ ተሳስታለች ማለት ነው» አለኝ።

ተሳስታለች! ሐሰት ነው! የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ። ሐሰት ከሆነ ነፋስ ነው፤ ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ሦስት ቀን የተሸከምሁት ድንጋይ ከላዬ ወረደ። ደስታዬ ስለበዛ ሁለተኛ ሻይ ጠጣሁ፤ ሦስተኛም ሲያቀርብልኝ እንቢ አላልሁም። የሌሎቹንም የእንግሊዝኛ የትርምስ ቃላት ትርጉም አንድ በአንድ አስነገርሁት። እስቲ አስቡት፤ የማይቸኩል ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን መቸኮል ሲኖርበት ምን እንደሚያደርግ። ሻይ ይጠጣል።

ከመምህሩ ግቢ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ገበያው እየፈረሰ ነው፤ ሰው ጨውና በርበሬውን ለማዳን ይሯሯጣል። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ጃንጥላዬን ዘረጋሁት። በዚያ ሁሉ ገበያ መካከል በታኅሣሥ የዝናብ ጃንጥላ የያዝሁ እኔ ብቻ ነበርሁ! ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ የጣሉ ሴቶች፣ ጆንያ የደፉ ወንዶች ሁሉ በቅናት ያዩኝ ነበር። ይታይሽ ይህን ባየች እያልሁ ሽቅብ ሽቅብ ተራመድሁ። ግማሽ መንገድ እስክደርስ ድረስ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ገብሱ ትዝ አለኝ።

ቀሪውን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አላውቅም። ሮጥሁ ብዬ ብጽፍ የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑኝም። ወንዙን ግን ማንንም ሳልጠብቅ ተሻግሬያለሁ። ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። አውድማው ባዶ ነው። መንሹ ብቻ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከቤቴ በኩል ግን ጫጫታ ሰማሁና ገባሁ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ገብስ አልጋዬ ላይ ተኝቷል። ገብስ በሳፋ፣ ገብስ በድስት፣ ገብስ በእንስራ፣ ገብስ በጋቢዬ ተቋጥሯል። ለለቅሶ ብቻ የምለብሰው ካፖርቴ እጅጌና ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ በገብስ ተሞልቶ፣ ልክ እንደ ወፍራም እንግዳ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ጥጃይቱ ገብታለች። ዶሮዎቹ ሠርግ ላይ ናቸው። መንደሩ ሁሉ ውስጥ ነው፤ በውኃ ድንበር ከደሴ ጋር ተጣልተው ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩት ባልና ሚስት ጎረቤቶቻችን ከእሱው ጋር አንድ ማዳበሪያ ይዘው ይጎትታሉ። ሁሉም ያዝዛል፤ የሚታዘዝ የለም። ይታይሽ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ርሳ፣ ገብስ ጉንጯ ላይ ተለጥፎ፣ መሐል ቆማለች።

ያ ምስኪን መምህር ያን ሁሉ መጽሐፍ ከሚያገላብጥ ወደዚህ ቤት ቢያመጣኝ ኖሮ በአንድ አፍታ ይገባኝ ነበር። ትርምስ ብል አይበቃም፤ ምስቅልቅል ብል ይጎድላል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ሌላው ሁሉ ያልቻለውን ነገር ልክክ ብሎ ሲገጥመው አየሁ። ማክሰኞ ሐሰት የነበረው ቃል አርብ እውነት ሆኗል። እውነት ያደረገውም ዝናቡ አይደለም፤ ልጅቱም አይደለችም። የኔ ጥንቃቄ ነው።

ይታይሽ አየችኝ። ደረቅ ነኝ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ደረቅ እኔ ብቻ ነኝ። «እና?» አለችኝ፣ «ቃሉ ምን ማለት ነው አሉህ?»

ጥጃይቱ እንኳ ማላመጧን አቆመች። ማክሰኞ አውድማ ላይ የነበሩት ሁሉ እዚህ አሉ፤ ቃሉን የሰሙት ሁሉ አፌን ይጠብቃሉ። እውነቱን ብናገር ምን ይሆናል? መላ ቅጡ ይጥፋ ብላ ነበር ይባላል። ያው መላ ቅጡ ጠፋ ይባላል። የማኅሌት ምላስ በታኅሣሥ ዝናብ ጠራ ይባላል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣ የሚያወርደው የለም፤ ልጅቱ አግብታ ወልዳም እንኳ፣ በመንደራችን ስታልፍ ሰው አዝመራውን ይሸፍንባታል። እሷ እኮ ምንም አላደረገችም። ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው።

በሕይወቴ ሳላስብበት የተናገርሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። «በረከት ማለት ነው» አልሁ።

ደሴ ባርኔጣውን አነሣና «አሜን» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። እፎይ ልል ስል ይታይሽን አየኋት። ዓይኗ ሲጠብ፣ ሐሳቧ ሲመጣ፣ ነገሩን ስታሰላው አየሁ። ውሸት ከዚህ በፊት ስላልለመድሁ ይህን አላሰብሁትም ነበር። «ማነህ አንተ ሰው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ልጄ በረከት ብላ የመረቀችውን ገብስ ነው እንግዲህ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ አስጥተህ ዝናብ ያስጠበቅኸው?»

እውነቱ ልጅቱን ያስጠላታል፣ ውሸቱ እኔን ያስቀጣኛል። ጃንጥላዬን አጥፌ፣ ካፖርቴ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ይታይሽ ያን ሳምንት እኔንና ካፖርቴን እኩል ነው ያነጋገረችን።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ይታይሽ ዝናቡ ሲጀምር አስቀድማ ያስገባችው የዘሩን ድርሻ ስለነበር እሱ አንድ ፍሬ አልራሰም። ከሥር የነበረው ራሰ፤ የራሰው በቀለ፤ የበቀለውን ብቅል አደረገችው፤ ብቅሉ ጠላ ሆኖ ያን ቀን የተሯሯጡትን ሁሉ አጠጣ። የተጣሉትም ጎረቤቶች እዚያው ታረቁ። የቀረው ገብስ በየዕቃው እንደተቀመጠ ቀረ፤ ሳይሰፈር። ያልተሰፈረ ነገር ምን ያህል እንደጎደለ በምን ይታወቃል? ይታይሽ አንዱን ድስት ስትጨርስ ሌላ እንስራ ታገኛለች። አለቀ ስንል ከአልጋው ሥር ቅርጫት ይወጣል። ሐምሌ ላይ ለቅሶ ልሄድ ካፖርቴን ብለብስ ከኪሱ ሁለት እፍኝ አገኘሁ። ይታይሽ እፍኙን በሁለት እጇ ተቀብላ «ያች ልጅ አፏ መልካም ነው!» አለች። ለጎረቤት ነገረች። ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። እንደምታውቁት አውድማ ነገርን በስሙ የማይጠራ ቦታ ነው፤ ስሙን የሚሰውርለት አዲስ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ይፈልጋል።

ዘንድሮ ማኅሌት ተመልሳ መጣች። የደረሰችው የደሴ ገብስ በሚበራይበት ቀን ነው። እኔና እሷ ከሩቅ ስንመጣ ነፋሱ ተነሣ፤ ደሴ ገለባውን ወደ ሰማይ ወረወረና በሙሉ ድምፁ «ኬኦስ!» አለ። ጎልማሶቹ «ኬኦስ ያብዛው!» ብለው መለሱ። ዳር ላይ ተቀምጠው የነበሩት የኔታም፣ በዚያ የዜማ ድምፃቸው፣ አሜን አሉ።

ማኅሌት ቆመች። ስልኳን ከቦርሳዋ ማውጣት እንኳ ረሳች። ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ምን ማለታቸው ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብሎ ቃል ነው ልጄ» አልኋት። «ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»